4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነውን? ፈተና ስላለፈ ነገር ግን ስላልተረጋገጠ ቁጥር

የጠያቂው ጥያቄ፦ «ለመዝገቦች የማስቀመጫ ቦታ የሚመድብ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ፕሮግራሙ የመዝገቡን ቁጥር በዘፈቀደ በተመረጠ ቋሚ ቁጥር ያባዛና ብዜቱን ለአንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። የመዝገብ ቁጥሮቼ ባለ 32 ቢት ስለሆኑ ከ2³² ከፍ የሚል ብቸኛ ቁጥር ፈልጌ 4,294,967,297ን መረጥኩ። ከ500 በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍዬው በአንዱም ያለ ቀሪ አልተካፈለም። በመነሻ 2 የሚሠራውን የፌርማ ፈተናም አልፏል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ቁጥሩ 2³² + 1 ስለሆነ በፌርማ ቀመር ብቸኛ መሆኑ የታወቀ ነው ይላል። በመነሻ 3 ስሞክረው ግን ሁለት ፕሮግራሞች ሁለት የተለያዩ ቀሪዎች ሰጡኝ፤ አንዱም 1 አይደለም። የትኛውን ልመን? ቁጥሩን ልጠቀምበት ወይስ ልተወው?»

ይተዉት። 4,294,967,297 የ641 እና የ6,700,417 ብዜት ነው። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ ሳይሆን ስብጥር ቁጥር ነው። ይህን ለማመን የማንም ፕሮግራም ምስክርነት አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። 6,700,417ን በ600 ሲያባዙ 4,020,250,200፣ በ40 ሲያባዙ 268,016,680፣ በ1 ሲያባዙ ራሱን ያገኛሉ፤ ሦስቱ ሲደመሩ 4,294,967,297 ይሆናሉ። በውጤቱ ላይ ክርክር የለም። ሆኖም ለመሳሳት ያበቁት ሦስቱ ምክንያቶች እያንዳንዳቸው አሳማኝ መስለው የሚታዩ ናቸው፤ ምንጫቸው ካልታወቀ ያው ስህተት ነገ በሌላ ቁጥር ላይ መደገሙ አይቀርም።

በማካፈል ሙከራው እንጀምር። አንድ ቁጥር ስብጥር ከሆነ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ ቢያንስ አንድ ብቸኛ አካፋይ አለው፤ ሁለቱም ተባዦች ከስኩዌር ሩቱ ቢበልጡ ኖሮ ብዜታቸው ከቁጥሩ በልጦ ይገኝ ነበርና። የ4,294,967,297 ስኩዌር ሩት ከ65,536 በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ በማካፈል ብቻ ብቸኛነቱን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር አለበት። እርስዎ የሞከሯቸው ከ500 በታች ያሉትን 95 ብቻ ነው። ከዚያ የሚገኘው መደምደሚያ «ከ500 በታች ብቸኛ አካፋይ የለውም» የሚል ነው እንጂ «አካፋይ የለውም» የሚል አይደለም። 641 በተርታው 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ሃያ አንድ ማካፈል ቢጨምሩ ኖሮ ያገኙት ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ትንሹ አካፋይ ቅርብ ሆኖ መገኘቱ የዚህ ቁጥር ዕድል ነው። ሁለቱም ተባዦቹ ወደ ስኩዌር ሩቱ የተጠጉ ቁጥር ቢሆን ኖሮ እስከ 60,000 ድረስ አካፍለውም አንዳች ነገር ላያዩ ይችሉ ነበር።

የባልደረባዎ አባባል ምንጩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ የ2 አርቢ ራሱ የ2 ርቢ ሲሆን (1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ ሲሄድ) ርቢው ላይ 1 ተደምሮ የሚገኘው ቁጥር ምንጊዜም ብቸኛ ነው የሚል እምነቱን ገልጿል። የፌርማ ቁጥሮች ከሚባሉት ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ናቸው፤ አምስቱም በእርግጥ ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው የእርስዎ ቁጥር ነው። ፌርማ ማረጋገጫ እንደሌለው ራሱ ያውቅ ነበር፤ ነገሩ ግን እንደ እውነት እየተወራ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ኖረ። ክርስቲያን ጎልድባክ በ1729 ለሊዮናርድ ኦይለር በጻፈው ደብዳቤ ጉዳዩን አነሳበት፤ ኦይለርም በ1732 641ን አግኝቶ እምነቱን አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ተርታ ከ65,537 በላይ አንድም ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም። ቀጣዩን 2⁶⁴ + 1 ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880 የ274,177 እና የ67,280,421,310,721 ብዜት መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «የፌርማ ቀመር» የሚባለው ብቸኛ ቁጥር አምራች ቀመር ሳይሆን፣ በአምስት ምሳሌ ተነሥቶ በስድስተኛው የወደቀ ግምት ነው።

ኦይለር 641 ላይ የደረሰው በጭፍን እያካፈለ አለመሆኑን ማወቅ ለእርስዎ ሥራ ከታሪኩ ይልቅ ይጠቅማል። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³² + 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል። ይህ ማለት 2³² ለዚያ ብቸኛ ቁጥር ሲካፈል ለመሙላት 1 ይጎድለዋል፣ በሌላ አነጋገር ቀሪው −1 ነው ማለት ነው። −1 በራሱ ሲባዛ 1 ስለሚሆን የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ይሆናል። የ2 ርቢዎች ቀሪ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 የሚሆንበት አርቢ 64ን ማካፈል ይኖርበታል፤ ከ64 የሚያንሱት የ64 አካፋዮች ግን በሙሉ 32ንም ያካፍላሉ፤ ከነሱ በአንዱ ላይ ቀሪው 1 ሆኖ ቢሆን የ2³² ቀሪም 1 በሆነ ነበር፤ እኛ ግን −1 መሆኑን ይዘናል። ስለዚህ ያ አርቢ 64 ራሱ ነው። አሁን የፌርማ ትንሹ ቲዎረም ይገባል፦ ከብቸኛ ቁጥሩ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር የዚህ አርቢ፣ ማለትም የ64 ብዜት መሆን ግድ ነው። በመሆኑም ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ የ64 ብዜት ላይ 1 ተደምሮ የሚገኝ መሆን አለበት። ኤድዋርድ ሉካ በ1878 ይህን አጥብቦ የ128 ብዜት ላይ 1 የተደመረበት መሆን እንዳለበት አሳየ። ፌርማ ትንሹን ቲዎረም ያስታወቀውም በዚያው በ1640 መሆኑን ሳስብ፣ ግምቱን ለማፍረስ የሚያስፈልገው መሣሪያ በራሱ እጅ እንደነበረ እረዳለሁ፤ በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ በሉካ ሕግ ፍለጋው እንዴት እንደሚያጥር ይመልከቱ። የ128 ብዜቶች ላይ 1 ስንደምር 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እናገኛለን። 129 ለ3፣ 385 ለ5፣ 513 ለ3 ስለሚካፈሉ ይወድቃሉ። የሚቀሩት 257 እና 641 ናቸው። 257 ደግሞ ራሱ ከፌርማ ቁጥሮች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት የፌርማ ቁጥሮች ሲባዙ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 = 4,294,967,295 ይሆናል፤ ይህ ከእርስዎ ቁጥር በ2 ብቻ ያንሳል። ስለዚህ 4,294,967,297 ለአምስቱ ለእያንዳንዳቸው ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ 257 ሳይሞከር ይወድቃል። ከ6,542 ማካፈል ወደ አንድ ማካፈል ወረድን ማለት ነው። የቁጥሩን አሠራር ማወቅ ያለው ጥቅም ከዚህ በላይ ግልጽ የሚሆንበት ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

641 በእርግጥ ማካፈሉን ያለ ትልቅ ቁጥር ማየት ይቻላል። 2⁸ 256 ነው። 256 በራሱ ሲባዛ 65,536 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 641 × 102 = 65,382 ሲቀነስ 154 ይቀራል። እንግዲህ የ2¹⁶ ቀሪ 154 ነው። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው፤ 641 × 37 ደግሞ 23,717 ነው። አንድ ብቻ ጎደለ፤ ስለዚህ 2³² ላይ 1 ሲደመር 641 ያለ ቀሪ ይካፈለዋል። ከዚህም የሚያምር ሌላ መንገድ አለ። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ እንደገናም 641 = 5⁴ + 2⁴ ነው፤ 625 እና 16 ሲደመሩ ማለት ነው። ከመጀመሪያው የ5 × 2⁷ ቀሪ −1 መሆኑን እናገኛለን፤ ይህ አራት ጊዜ ሲባዛ የ5⁴ × 2²⁸ ቀሪ 1 ይሆናል። ከሁለተኛው ደግሞ 5⁴ በቀሪ ረገድ ከ−2⁴ ጋር እኩል ነው፤ በቦታው ሲገባ የ−2³² ቀሪ 1 ይሆናል። ያው ውጤት ከሁለት መስመር በማይበልጥ ጽሑፍ ተገኘ።

ሌላው ተባዥ 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው ወይስ ተጨማሪ አካፋይ አለው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የ6,700,417 አካፋይ የሆነ ሁሉ የትልቁም ቁጥር አካፋይ ስለሆነ ያው የ128 ሕግ ይገዛዋል። ስኩዌር ሩቱ ከ2,589 ያንሳል። እስከዚያ ድረስ በሕጉ ውስጥ የሚገቡት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257ን ቀደም ብለን ጥለነዋል። በ641 ሲካፈል 44፣ በ769 ሲካፈል 120፣ በ1,153 ሲካፈል 334፣ በ1,409 ሲካፈል 622 ይተርፋል። በአንዱም አልተካፈለም፤ በመሆኑም 6,700,417 ብቸኛ ነው፤ የእርስዎ ቁጥር አካፋዮችም 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ፣ በድምሩ አራት ብቻ ናቸው።

አሁን ከሦስቱ ምክንያቶች እጅግ አሳሳች ወደሆነው፣ ወደ መነሻ 2 ፈተና እንምጣ። ፈተናው የሚለው ይህን ነው፦ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ እርሱ የማያካፍለው ማንኛውም ሌላ ቁጥር (መነሻ የምንለው ይህን ነው) ከብቸኛው ቁጥር በ1 በሚያንስ አርቢ ቢራባ፣ ውጤቱ ለብቸኛው ቁጥር ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። አባባሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ያለ ጥርጥር ስብጥር ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ግን ብቸኛ ነው ማለት አይደለም። በመነሻ 2 የሚያታልለው ትንሹ ቁጥር 341 ነው፤ 11 በ31 ሲባዛ የሚገኝ ስብጥር ሆኖ ሳለ ፈተናውን ያልፋል። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያሉ አታላዮች ጥቂት ስለሆኑ ማለፍ ጥሩ ምልክት ነው ይላሉ፤ ቁጥሩ በዘፈቀደ የተገኘ ሲሆን አባባላቸው ውኃ ያነሣል። በፌርማ ቁጥሮች ላይ ግን ፈተናው ጨርሶ ትርጉም የለውም። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፦ የ2³² ቀሪ በ4,294,967,297 ረገድ −1 ነው፤ የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ነው። በፈተናው ውስጥ ያለው አርቢ 4,294,967,296 ወይም 2³² ነው፤ ይህ የ64 ብዜት ስለሆነ ቀሪው 1 ከመሆን ውጭ ምርጫ የለውም። ቁጥሩ ብቸኛም ይሁን ስብጥር ውጤቱ አንድ ነው። ማንኛውም የፌርማ ቁጥር መነሻ 2ን ያልፋል፤ ጠንከር ያለው የሚለር እና ራቢን ፈተና እንኳ በመነሻ 2 ብቻ ከተሠራ ይህን ቁጥር ያሳልፈዋል።

መነሻውን ወደ 4 ወይም ወደ 8 ወይም ወደ 1,024 መቀየርም አይረዳም፤ ሁሉም የ2 ርቢዎች ስለሆኑ ያንኑ መንገድ ይከተላሉ። በአንጻሩ መነሻው በዘፈቀደ ቢመረጥ ኖሮ ቁጥሩ ወዲያውኑ በተጋለጠ ነበር። ይህን የፌርማ ፈተና በ4,294,967,297 ላይ የሚያሳልፉ መነሻዎች ብዛት በትክክል 16,384 ነው፤ ከእያንዳንዱ ብቸኛ ተባዥ 128 የሚሆኑ ቀሪዎች ስለሚገኙ 128 × 128 መሆኑ ነው። ከአራት ቢሊዮን በላይ ከሆኑት መነሻዎች መካከል እነዚህን የማግኘት ዕድል ከ262,144 አንድ ነው። መነሻ 2 ለስሌት ቀላል ስለሆነ ሁሉም የሚጀምርበት መሆኑ ነው ችግሩን የፈጠረው።

መነሻ 3 ትክክለኛውን ፍርድ ሰጥቶዎታል። 3 በ4,294,967,296 ሲራባ ቀሪው 3,029,026,160 ነው፤ 1 ስላልሆነ ቁጥሩ ስብጥር መሆኑ ያለ አንዳች አካፋይ ተረጋገጠ። የፔፓን ፈተና የሚባለው፣ ከ1877 ጀምሮ የሚታወቀው ዘዴ፣ ለፌርማ ቁጥሮች ከዚህ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይቆማል፦ 3ን 31 ጊዜ በተከታታይ በራሱ እያባዙ ቀሪውን ሲይዙ፣ ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው 4,294,967,296 መሆን ነበረበት፤ የሚገኘው ግን 10,324,303 ነው። ይህ ፈተና ከሌሎቹ የሚለየው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ለፌርማ ቁጥሮች ማለፉ ብቸኛነትን፣ መውደቁ ስብጥርነትን በእርግጠኝነት ያሳያል። በዚህ ዓይነት ስብጥር መሆናቸው ተረጋግጦ አንድም አካፋያቸው ያልታወቀ የፌርማ ቁጥሮች እስከ ዛሬ አሉ፤ ለምሳሌ የ2 አርቢ 2²⁰ የሆነበት ከእነሱ አንዱ ነው። አካፋይ አለመታወቁና አካፋይ አለመኖሩ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለቱ ፕሮግራሞችዎ ለምን ተለያዩ የሚለው የሒሳብ ሳይሆን የማስቀመጫ ጉዳይ ነው። የስሌቱን መጀመሪያ አብረን እንከተል። 3 በተከታታይ በራሱ ሲባዛ 9፣ 81፣ 6,561፣ 43,046,721 ይሆናል። አምስተኛው ማባዛት 1,853,020,188,851,841 ይሰጣል፤ ይህ ለ4,294,967,297 ሲካፈል ቀሪው 3,793,201,458 ነው። እስከዚህ ድረስ በ64 ቢት የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ትክክል ይሠራል። ስድስተኛው ላይ ግን 3,793,201,458 በራሱ ሲባዛ ከ14 ኩዊንቲሊዮን ይበልጣል፤ ምልክት ያለው (አሉታዊ ቁጥርም የሚይዝ) ባለ 64 ቢት ማስቀመጫ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 9,223,372,036,854,775,807 ስለሆነ ብዜቱ አይገባም፤ ብዙ ቋንቋዎችም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተቆረጠ ውጤት ይሰጣሉ። ቁጥሮችን በነጥብ ተንሳፋፊ አቀማመጥ የሚይዝ ፕሮግራም ወይም ካልኩሌተር ደግሞ ከ9,007,199,254,740,992 በላይ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ስለሚጥል እዚያው ስድስተኛው ላይ ይስታል። ምልክት የሌለው ባለ 64 ቢት ማስቀመጫም ቢሆን ለዚህ ቁጥር አይበቃም፦ በስሌቱ ሊከሰት የሚችለው ትልቁ ቀሪ 2³² ነው፤ በራሱ ሲባዛ 2⁶⁴ ይሆናል፤ ማስቀመጫው የሚያቆመው በ2⁶⁴ − 1 ስለሆነ ብዜቱ 0 ተብሎ ይመዘገባል። በባለ 32 ቢት ማስቀመጫ ውስጥ ከነጭራሹ 4,294,967,297 ራሱ 1 ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በመነሻ 3 ካገኟቸው ሁለት ቀሪዎች አንዱ 3,029,026,160 ከሆነ እርሱን ይመኑ፤ ከዚህ የተለየ ቀሪ የሰጠ ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ከስድስተኛው ማባዛት ጀምሮ የሚሠራው በተሳሳተ ቁጥር ነው። እንደ ፓይተን ያሉ የሙሉ ቁጥር መጠን ገደብ የሌለባቸው ቋንቋዎች ይህ ችግር አያገኛቸውም።

ከሥራዎ ጋር በቀጥታ ባይያያዝም ይህ ቁጥር ያለውን አንድ ተጨማሪ ባሕርይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ስብጥርነቱን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያልና። 4,294,967,297 በግልጽ የ65,536 ስኩዌርና የ1 ስኩዌር ድምር ነው። ነገር ግን የ62,264 ስኩዌርና የ20,449 ስኩዌር ድምርም ነው፤ 3,876,805,696 እና 418,161,601ን ደምረው ያረጋግጡ። አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ ከአንድ መንገድ በላይ ሊጻፍ አይችልም፤ ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ መገኘቱ ብቻውን ቁጥሩን ስብጥር ያደርገዋል። ከዚህም አልፎ አካፋዮቹን ያወጣልናል። 65,536 − 62,264 = 3,272 ሲሆን ይህ 8 × 409 ነው። 20,449 − 1 = 20,448 ሲሆን ይህ 8 × 2,556 ነው። 20,449 + 1 = 20,450 ደግሞ 50 × 409 ነው። የጋራ የሆኑት 8 እና 50 በግማሽ ሲወሰዱ 4 እና 25 ይሆናሉ፤ የስኩዌሮቻቸው ድምር 16 + 625 = 641 ነው። የ409 እና የ2,556 ስኩዌሮች ድምር ደግሞ 167,281 + 6,533,136 = 6,700,417 ነው። ዘዴው የኦይለር ነው። ገደቡም መታወቅ አለበት፤ ሁለተኛውን ጥንድ ማግኘት ራሱ ትልቅ ፍለጋ ስለሆነ ለሥራ የሚመረጥ መንገድ አይደለም።

ቁጥሩ ስብጥር ሆኖ ፕሮግራምዎ ውስጥ ቢቀር ምን ይጎዳል? እርስዎ በሚሠሩበት ዘዴ የተለያዩ መዝገቦች የተለያየ ቀሪ የሚያገኙት፣ የሚያባዙበት ቋሚ ቁጥር ከአካፋዩ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌለው ብቻ ነው። አካፋዩ ብቸኛ ሲሆን ይህ ሁኔታ ከእርሱ ለሚያንስ ከ0 በቀር ለማንኛውም ቋሚ በራሱ ይሟላል። በ4,294,967,297 ግን የ641 ወይም የ6,700,417 ብዜት የሆኑ 6,701,056 መጥፎ ቋሚዎች አሉ። ቋሚው የ641 ብዜት ሆኖ ከወጣ ሊገኙ የሚችሉት የተለያዩ ቀሪዎች ከአራት ቢሊዮን ወደ 6,700,417 ይወርዳሉ፤ የ6,700,417 ብዜት ሆኖ ከወጣ ደግሞ 641 ብቻ ይቀራሉ። ቋሚውን በዘፈቀደ ስለሚመርጡ ይህ የሚሆነው በአማካይ ከ641 ምርጫ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እንዲህ ያለ ብልሽት በሙከራ ጊዜ የመታየት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን አንድ ቀን ያለ ግልጽ ምክንያት መዝገቦች በአንድ ቦታ ይከማቻሉ፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን ከዚህ ቁጥር ጋር አያይዞ የሚፈልግ ሰው አይኖርም።

ምክሬ ይህ ነው፦ 4,294,967,297ን አውጥተው በቦታው 4,294,967,291ን ያስገቡ። ይህ 2³² − 5 ሲሆን ከ2³² በታች ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ነው። ቀሪዎቹ ሁሉ በ32 ቢት ውስጥ ይገባሉ፤ የሁለት ቀሪዎች ብዜትም ምልክት በሌለው ባለ 64 ቢት ማስቀመጫ ሳይቆረጥ ይያዛል፤ ከላይ ያየነው የስድስተኛው ማባዛት ችግር በዚህ ይወገዳል። ማስቀመጫው ምልክት የሌለው መሆኑን ግን ያረጋግጡ። የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ነው፦ ከ4,294,967,291 እስከ 4,294,967,295 ያሉት የመጨረሻዎቹ አምስት የመዝገብ ቁጥሮች ከ0 እስከ 4 ካሉት ጋር አንድ ቀሪ ይኖራቸዋል፤ ስለዚህ እነዚህን አምስት ለመዝገብ አይስጡ። ይህ በምንም ምክንያት የማይቻል ከሆነ ብቻ ከ2³² በላይ ያለውን የመጀመሪያውን ብቸኛ ቁጥር 4,294,967,311ን፣ ማለትም 2³² + 15ን ይውሰዱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ብዜቶቹ ከ64 ቢት ሊያልፉ ስለሚችሉ ሰፋ ባለ፣ ለምሳሌ ባለ 128 ቢት ስሌት መሥራት ግዴታ ነው።

ወደፊት ሌላ ቁጥር ሲመርጡ በአንድ መነሻ አይርኩ። ከ4,759,123,141 ለሚያንስ ማንኛውም ጎዶሎ ቁጥር የሚለር እና ራቢን ፈተና በመነሻ 2፣ 7 እና 61 ከተሠራ ውጤቱ ግምት ሳይሆን እርግጥ ነው፤ እስከዚያ ወሰን ድረስ ሦስቱን በአንድነት የሚያታልል ስብጥር ቁጥር አለመኖሩ ተጣርቶ ታውቋል። ለአካፋይነት የጠቀስኳቸው ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች፣ የእርስዎም የቀድሞ ምርጫ ጭምር፣ ከዚህ ወሰን በታች ናቸው። ባለ 64 ቢት ለሆኑ ቁጥሮች ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከ2 እስከ 37 ያሉትን፣ መነሻ አድርጎ መፈተን ይበቃል። በሁለቱም ሁኔታ በፈተናው ውስጥ ያለው ማባዛት እንዳይቆረጥ በቂ ስፋት ያለው ማስቀመጫ ካልተዘጋጀ የፈተናው ዋስትና አብሮ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ለመዝገብ ምደባ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም ለምሥጢር መጠበቂያ መሠረት አድርገው እንዳይጠቀሙ፤ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር በዛሬ ኮምፒውተር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ይበተናል፤ በአርኤስኤ ምሥጠራ በሰፊው የሚሠራባቸው የቁጥር ብዜቶች 2,048 ቢት ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። በዚያ ምሥጠራ ውስጥ በይፋዊ አርቢነት በብዛት የሚገባው 65,537 ከፌርማ ቁጥሮች አምስተኛው ነው፤ እርሱ በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ የተመረጠው ግን ለማስላት ስለሚያመች እንጂ የምሥጢሩ ጥንካሬ በእርሱ ላይ ስለቆመ አይደለም።